የሉክሰምበርግ ጭስ የት ሄደ?

መምህር ዘማራኪ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡10)

ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የግራፍ ንባብ ላስተምር ብዬ ሆን ብዬ ትንሽ አገር መረጥሁ። በትልቅ አገር ግራፍ ላይ ሁሉም ነገር ይደባለቃል፤ በትንሽ አገር ግን አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ መስመሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመረጥሁት ሉክሰምበርግን ነው። ስፋቷ 2,586 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ ዛሬ 670,000 ገደማ።

ግራፉ የሚለው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለነዋሪው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ወደ 40 ቶን ይደርስ ነበር። የእኛ አገር ዛሬም ከ0.2 ቶን በታች ነው። በ1990 የአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። በ1998 ወደ 8 ሚሊዮን ወረደ። ከዚያ ዳገቱን ተያይዞ በ2005 ተመልሶ 12 ሚሊዮን ዙሪያ ደረሰ። አሁን ደግሞ ከ7 ሚሊዮን ብዙም አይርቅም።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ይገባኛል፤ የብረት ሥራው ነው። ያስቸገረኝ መካከሉ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ የወረደውን ያህል መልሶ የወጣው ምን ቢገኝ ነው? ፋብሪካው አልተመለሰ፣ ሕዝቡም እጥፍ አልሆነ። ሰኞ ይጠይቁኛል፤ «አላውቅም» ማለቱን አልፈራም፣ ግን ሳልሞክር ማለቱን አልወደውም።

የቆላ ድባ ልጅ (3፡42)

መምህር፣ ግራፉን ገልብጠው ይዘውት እንዳይሆን። 1998 ላይ ሥር ነካ ይላሉ፤ እኔ የያዝሁት ሠንጠረዥ 1998ን ያስቀመጠው ከጫፉ አጠገብ ነው። ከሁለት አንዳችን ተሳስተናል።

መምህር ዘማራኪ (3፡55)

የትኛው 1998?

የቆላ ድባ ልጅ (4፡01)

ወይ ጉድ! ሠንጠረዡን ባለፈው ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር የቀየርሁት ራሴ ነኝ። እርስዎ 2005 የሚሉት መስከረም ሲጠባ የእኛው 1998 ሆኖ ቁጭ ብሏል። የእነርሱ 1998 ጉድጓዱ፣ የእኛ 1998 ኮረብታው ነው። ይቅርታ።

መምህር ዘማራኪ (4፡04)

ይህን ለፈተና አወጣዋለሁ። ከዚህ በኋላ በዚህ ክር ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚቃወም አሁኑኑ ይናገር።

ሦስት ፌዝ (4፡30)

«የብረት ሥራው ነው» ብለን ባናልፈው ደስ ይለኛል፤ የመካከሉ ነገር የሚገባን የመጀመሪያው በደንብ ሲገባን ነው።

የሉክሰምበርግ ደቡብ ምድሩ ቀይ ነው፤ ሚኔት የሚሉት የብረት ማዕድን ነበረው። ማዕድኑ የሚቀልጠው በኮክ ነው። ፍሬውን ማለቴ አይደለም፤ አየር በሌለበት ምድጃ የተጋገረ የድንጋይ ከሰል ነው። ኮኩ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ ያሞቃል። ሁለተኛ ከማዕድኑ ጋር የተጣበቀውን ኦክስጅን ነጥቆት ይወጣል፤ የሚወጣውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ነው። ስለዚህ ምድጃውን የቱንም ያህል ብታሻሽሉት ጭሱ አይቀርም፤ ከሥራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ቶን ብረት ለማግኘት ወደ 2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። በ1974 ያቺ አገር ከ6 ሚሊዮን ቶን በላይ ብረት አምርታለች። ማባዛቱን ለተማሪዎቹ ይተዉላቸው።

በ1975 የብረት ገበያ ወደቀ። በ1981 የመጨረሻው የማዕድን ጉድጓድ ተዘጋ። በ1990ዎቹ ደግሞ ምድጃዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ በኤሌክትሪክ ማቅለጫ ተኩ። የኤሌክትሪኩ ማዕድን አይበላም፤ የሚበላው ቆራሌው የሚሰበስበውን ቁርጥራጭ ብረት ነው። ኦክስጅን የሚነጠቅበት ነገር የለም፣ ስለዚህ ኮክም አያስፈልግም ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ባለኮክ ምድጃ ቤልቫል በሚባል ስፍራ በ1997 ጠፋ። በማግሥቱ ዓመት ግራፉ ሥር ነካ።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቤልቫል ላይ ሦስት ትልልቅ ምድጃዎች ነበሩ። አንደኛው በ1996 ተፈታትቶ ወደ ቻይና፣ ወደ ኩንሚንግ ተሸጠ። የቀሩት ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች መካከል ቆመው ሰው እንደ ፋሲል ግቢ ፎቶ ይነሣባቸዋል። እና ያኛው ምድጃ ጭሱን አቆመ ወይስ አገር ቀየረ?

የአዘዞ ሹፌር (5፡15)

አገር ቀየረ እንጂ። እኔ ከአዘዞ ተነሥቼ መተማ ብደርስ ጭሴ አዘዞ ቀረ ይባላል?

ከቲዮንቪል (7፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ተወልጄ፣ ቀበሌ 18 አድጌ፣ አሁን ፈረንሳይ ውስጥ ቲዮንቪል እኖራለሁ። ሥራዬ ግን ሉክሰምበርግ ነው፤ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። በዚያ አገር ደመወዝ ይገኛል፣ የቤት ኪራዩ ግን አይቻልም። እንደ እኔ በየቀኑ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከቤልጅየም ድንበር ተሻግሮ የሚሠራው ከ200,000 በላይ ነው። ለካ ይህን ግራፍ ሳላውቀው ስሠራው ኖሬአለሁ!

መምህር፣ መልሱ ነዳጅ ማደያው ላይ ነው። ሉክሰምበርግ በነዳጅ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ለብዙ ዓመታት ከጎረቤቶቿ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ሁሉም እዚያ ይሞላል። እኔም እሞላለሁ። ባለ ከባድ መኪናዎቹ ደግሞ ከሰሜን ባሕር ወደቦች ጭነው ወደ ደቡብ አውሮፓ ሲወርዱ መንገዳቸውን በዚያች አገር ያደርጋሉ፤ ጉዳያቸው እዚያ ስላለ ሳይሆን ናፍጣው ስለሚረክስ። ወደ ፈረንሳይ መውጫ በርሼም የምትባል ቦታ ያለው ማደያ በአውሮፓ ብዙ ነዳጅ ከሚሸጡት አንዱ ነው። ሌሊት በዚያ ሳልፍ የመኪናው ሰልፍ የጥምቀት ዋዜማ ይመስለኛል።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? የመንገድ ነዳጅ ልቀት የሚቆጠረው በተቃጠለበት አገር ሳይሆን በተሸጠበት አገር ነው። የስፔን መኪና ሉክሰምበርግ ሞልቶ ጭሱን ሊዮን ላይ ቢያወጣው፣ ሒሳቡ የሉክሰምበርግ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2005 ያ ዳገት በአብዛኛው ይኸው ነው። በአንድ ወቅት የመንገድ ትራንስፖርት ከአገሪቱ ልቀት ከግማሽ በላይ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድርሻ የነዋሪው አልነበረም።

መምህር ዘማራኪ (7፡48)

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አንድ ሳምንት ስዞረው የነበረውን በአንድ ማደያ ፈታሽው።

የቆላ ድባ ልጅ (8፡05)

ለሉክሰምበርጎቹ ግን አትዘኑላቸው። ጭሱን በስማቸው ቢያስመዘግቡም ቀረጡንም በኪሳቸው አስገብተዋል። በሊትር ያነሰ ቀረጥ ጣሉ፣ በብዙ ሊትር ብዙ ሰበሰቡ። ገበሬ በርካሽ ሸጦ ገበያውን ሁሉ ሲጠራ እንደማለት ነው። ሕጉስ ቢሆን ለምን እንዲህ ተባለ ብላችሁ ጠይቃችኋል? እያንዳንዱን መኪና ተከትሎ ጭሱ የት ወጣ ብሎ የሚመዘግብ የለም። የተሸጠ ነዳጅ ግን ደረሰኝ አለው። ሒሳብ ደረሰኝ ያለበትን ይወዳል።

የአዘዞ ሹፌር (10፡30)

ይህ ነገር እኛ ዘንድ የለም የሚል ካለ መተማ ይዤው ልውረድ።

ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። በወጣትነቴ ቤንዚን ከሱዳን በቦቴ በመተማ ይገባ ነበር። ኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የእኛ መንግሥት ነዳጁን ሲደጉም የእኛ ዋጋ ከድንበር ማዶ አነሰ፤ ያን ጊዜ ነዳጁ በጄሪካን፣ በአህያ፣ በሞተር ሳይክል፣ እንደምንም ብሎ ይሻገራል። በሕግ ኮንትሮባንድ ነው፤ ሲያስሩም አይቻለሁ። ማደያው ግን ሲሸጠው «ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸጠ» ብሎ ነው የጻፈው። ስለዚህ ማዶ ሱዳን፣ ገላባት ላይ ውኃ የሚስበው ሞተር ጭሱ የተመዘገበው በእኛ ስም ነው ማለት ነው። እዚያ ያለችው እኅታችን በደረሰኝ የምታደርገውን የእኛ ሰው በሌሊት ያደርገዋል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ለእኔ የገባኝ ይህን ነው፦ ነዳጅ እንደ ውኃ ነው፣ ወደ ዝቅተኛው ዋጋ ሳይሆን ወደ ከፍተኛው ይፈስሳል። ምዝገባው ግን ከምንጩ ይቀራል።

ሦስት ፌዝ (11፡10)

ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከፈቀዱልኝ ሰርቄአታለሁ።

የጎደለ ልሙላ። የ2002 ዳገት ነዳጅ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት ኤሽ ከተማ ውስጥ 350 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ የጋዝ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ለዚያች አገር ትልቅ ነገር ነው። በ2016 ተዘጋ፤ መስመሩም ወረደ። ተማሪዎቹ «ጎበዝ፣ ቀነሱ» እንዳይሉ ግን ንገሯቸው። ሉክሰምበርግ የምትጠቀመውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ከውጭ ነው የምትገዛው፣ በተለይ ከጀርመን። ማመንጫው ሲዘጋ አምፖሉ አልጠፋም። ጭሱ ጀርመን ውስጥ ከወጣ ለጀርመን ይቆጠራል። በነዳጁ የሰው ጭስ ተሸከመች፣ በኤሌክትሪኩ ደግሞ የራሷን ለሰው አሸከመች።

አውሮፕላን ደግሞ ጨርሶ ሌላ መዝገብ ነው። ፊንደል የተባለው ማረፊያቸው ትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች የሚነሡበት ነው፤ ለዓለም አቀፍ በረራ የሚቀዳው ኬሮሲን ከአገሪቱ ድምር ውጪ ለብቻው ይጻፋል። ቦሌ የሚቀዳውም እንዲሁ።

የቆላ ድባ ልጅ (11፡32)

እንዲያ ከሆነ ከ2005 ወዲህ ያለው ቁልቁለትም ወረቀት ነው በሉኛ። ምድጃው ቻይና ሄደ፣ ኤሌክትሪኩ ጀርመን ሄደ፣ ናፍጣው ነገ ደግሞ ቤልጅየም ይሄዳል። እኛ ደግሞ ከዚህ ተቀምጠን «አውሮፓ ቀነሰች» እያልን እናጨበጭባለን።

ከቲዮንቪል (እሑድ፣ ጠዋት 2፡15)

ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ቁጣ ነው። ናፍጣው በከፊል እንደሄደ አልክድም። በ2021 የካርቦን ግብር አወጡ፤ በቶን 20 ዩሮ ጀምሮ በየዓመቱ 5 ዩሮ ይጨመርበታል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተጨመረው በሊትር 5 ሳንቲም ገደማ ነበር። ለእኔ ምንም አይደለም። አንድ ሺህ ሊትር ለሚሞላ ባለ ከባድ መኪና ግን 50 ዩሮ ነው፤ ድርጅቱ ቁጭ ብሎ ያሰላዋል፣ ቤልጅየም ይሻላል ካለ መንገድ ያስቀይራል። የዋጋው ልዩነት ሲጠብ ሰልፉ ሲያጥር በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገር ግን ሁሉም ወረቀት አይደለም። እኔ በገባሁበት ጊዜ እና አሁን የሚሠራው ቤት አንድ አይደለም፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ድርብ፣ ማሞቂያው ትንሽ። ከየካቲት 2020 መጨረሻ ጀምሮ አውቶቡሱም ባቡሩም በአገሩ ውስጥ ነጻ ነው። ድንበር ላይ ነጻነቱ ያልቃል፤ እኔ የፈረንሳዩን እከፍላለሁ። ከ1990 ወዲህ ደግሞ ሕዝቡ ከ380,000 ገደማ ተነሥቶ ነው እዚህ የደረሰው። ሕዝብ እንዲያ ሲጨምር ጠቅላላው ከወረደ፣ ከውስጡ የሆነ እውነት አለ። በነፍስ ወከፍ ወደ 11 ቶን ነው፤ አሁንም ከአውሮፓ ኅብረት ከፍተኛዎቹ ተርታ።

ባለምጣዷ (እሑድ፣ 4፡40)

ከቅዳሴ መልስ አነበብሁት። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች አስረክባለሁ፤ ግራፍ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። መምህር መጀመሪያ ላይ የእኛ ከ0.2 ቶን በታች ነው ብለዋል። እኔ መብራት በሌለ ቀን በባህር ዛፍ ጭራሮና በእንጨት ነው የምጋግር። ከሰልም እገዛለሁ። ዓይኔ ስንት ጊዜ እንዳበጠ እኔ አውቃለሁ። የእኔ ጭስ በዚያ 0.2 ውስጥ አለ?

መምህር ዘማራኪ (4፡58)

እትዬ፣ የለም።

ባለምጣዷ (5፡02)

እንዴት የለም?

ሦስት ፌዝ (5፡40)

እትዬ፣ አይቆጡ፤ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም እንደ ማገዶው ይለያያል።

ከእንጨት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኃይል መዝገብ ድምር ውስጥ አይገባም፤ በማስታወሻ መልክ በጎን ይጻፋል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ዛፉ ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ነው ሲቃጠል የሚመልሰው፤ በቦታው ሌላ ከበቀለ ሒሳቡ ዜሮ ነው። ባህር ዛፍ ላይ ይህ ከሞላ ጎደል ያስኬዳል። ይቆርጡታል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት ተመልሶ ይቆማል።

ከሰሉ ግን ሌላ ነው። ከቆላ የሚመጣው የግራር ከሰል ከሆነ፣ በቦታው ማን መልሶ ይተክላል? ያን ጊዜ ዕዳው አለ፤ የሚጻፈው ግን በኃይል መዝገብ ሳይሆን በደን መዝገብ ነው፤ «ደኑ ይህን ያህል አነሰ» ተብሎ። መምህር የሚያሳዩት ግራፍ ላይ አይታይም። ዓይንዎን የሚያቃጥለው ጥቀርሻ ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ መስመር ጋር አይቆጠርም።

አሁን ጉዱን ልንገርዎ። ነገ እንጨቱን ትተው ሲሊንደር ገዝተው በጋዝ ቢያበስሉ፣ ወጥ ቤትዎ ይጠራል፣ ግራሩም ይተርፋል፤ የኢትዮጵያ የኃይል ልቀት ግራፍ ግን *ይወጣል*። ጋዙ ከመሬት የተቆፈረ ነዳጅ ነውና ይቆጠራል። ሁልጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግሩ ደግሞ ግራፉ አይነቃነቅም፤ ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ፣ ቀሪውም በአብዛኛው ከነፋስ ነውና።

የቆላ ድባ ልጅ (5፡55)

ስለዚህ በ1970 የነበረችው ሉክሰምበርግ 40፣ እኛ 0.2 ስንል ያመዛዘንነው ብረት አቅላጭን ከእንጨት አንዳጅ ጋር ነው፤ የአንዱ ጭስ ተቆጥሮ የሌላው ሳይቆጠር። እኔ ግን ይህን ሰምቼ «እንግዲህ እኩል ነን» የሚል ሰው እንዳይነሣ እፈራለሁ። የእኛ ማገዶ ሁሉ ተደምሮም በነፍስ ወከፍ 40 ቶን አይደርስም፤ አጠገቡም አይደርስም።

ባለምጣዷ (6፡20)

እኩል ነን አልወጣኝም፤ ቁጠሩኝ ነው ያልሁት።

ኤሌክትሪክ ምጣድማ አለኝ፣ ሁለት አለኝ። መብራቱ ነው የሌለኝ። እሑድ ይሄዳል፣ ረቡዕ ይሄዳል፤ አብሲት ጥዬ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲጠብቀኝ ይሄዳል። ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል። ያን ጊዜ እንጨቴን አነድዳለሁ።

ሦስት ፌዝ (6፡45)

አንድ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። በ1964 የተመረቀው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ እና በመንገድ የሚባክን ባይኖር በአንድ ጊዜ የሚያስጋግረው 3,200 ሴት ያህል ብቻ ነው። ጣና በለስ በ2010 460 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ፤ በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ማመንጨቱ አድጓል። እርስዎ ጋ የሚደርሰው ግን በትራንስፎርመርና በአሮጌ ሽቦ በኩል ነው፤ ሁሉም በአንድ ጠዋት ምጣዱን ሲጥድ የሚወድቀው እርሱ ነው። ግድብ ስንመርቅ ካሜራ ይመጣል፤ ትራንስፎርመር ሲቀየር የሚያጨበጭብ አላየሁም።

የአዘዞ ሹፌር (8፡30)

ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። እኔ ሳየው ጎንደር ውስጥ የኤሌክትሪኩ መኪና በዝቷል። ተሳቢ የሚጎትተው ግን አሁንም ናፍጣ ነው፤ የሊማሊሞን ዳገት በባትሪ ጭነት ይዞ የወጣ አላየሁም። የመምህር የልጅ ልጆች የእኛን አገር ግራፍ ሲያነቡ ቤንዚኑ እየወረደ ናፍጣው ሲወጣ ካዩ፣ ምክንያቱን ይህን አሮጌ ክር ፈልገው ያንብቡ።

መምህር ዘማራኪ (እሑድ፣ ማታ 1፡30)

የሰኞውን ትምህርት ቀየርሁት። ግራፉን ያለ አገር ስም እሰጣቸዋለሁ። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ከ1974 በኋላ ምን ተዘጋ? ከ1998 በኋላ ማን ቀዳ? በ2016 የጠፋው ጭስ የት በራ? አራተኛውን የሰጡኝ እትዬ ናቸው፦ በእናታችሁ ወጥ ቤት ያለው ጭስ በየትኛው መዝገብ ይገኛል? አራተኛውን ቤታቸው ሄደው እንዲሠሩት አደርጋለሁ፤ የእንጨቱን እስር በሚዛን መዝነው እንዲያመጡ።

የቆላ ድባ ልጅ (1፡41)

እ.ኤ.አ. መሆኑን ይጻፉላቸው።

ባለምጣዷ (1፡50)

ለልጆቹ ንገሩልኝ፤ የእኔን እስር መጥተው ሊመዝኑ ይችላሉ። ረቡዕ ይምጡ፣ ረቡዕ መብራት አይኖርም።

ከቲዮንቪል (ማታ 4፡05)

ከሥራ ወጥቼ በርሼም ቆሜ ነው የምጽፈው። 42 ሊትር ናፍጣ ቀዳሁ። ነገና ከነገ ወዲያ ፈረንሳይ ውስጥ ነው የማቃጥለው። 113 ኪሎ በሉክሰምበርግ ስም ጻፉልኝ።